የቅዳሜ ጭስ

ሜልቦርን የሚኖር አበሻ ሁሉ አገሩን የሚያስታውሰው በባሕር ዛፍ ሽታ ነው። ዝናብ ጠብ ካለ በኋላ ያ ሽታ ሲመጣ «ወይኔ እንጦጦ!» የማይል የለም። እኔን ግን ባሕር ዛፍ አስለቅሶኝ አያውቅም። እኔን ያስለቀሰኝ፣ ለማውራት እንኳ የማይመች፣ የፈረስ ፋንድያ ነው። ባለፈው በጋ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ልጄ ሃና እየነዳች እኔ እንደ ወይዘሮ ከጎኗ ተቀምጬ፣ ከሜልተን ወጣ ብለን ስንሄድ ፈረስ የሚያረቡ ሰዎች ግቢ አጠገብ ደረስን። ከጋጣው የተጠረገ ሰጋቱራና ፋንድያ ከአጥሩ ጥግ ተከምሯል። ክምሩ በሙቀቱ ብዛት ውስጥ ውስጡን ተያይዞ፣ ነበልባል ሳያሳይ ቀስ እያለ ይጨሳል። ሃና አፍንጫዋን ይዛ መስኮቱን እንድዘጋ በእንግሊዝኛ ነገረችኝ። «አቁሚ እስቲ» አልኳት። «ማም፣ እዚህ?» አለች። «አዎ፣ እዚህ።» ወርጄ አጥሩን ተደግፌ ቆምኩ። እርጥብ ሰጋቱራ ሲጨስ የሚሸተውን ሽታ ከተለየሁት ስንት ዘመኔ! እናቴ ከሞተች ገና ዓመት አልሞላትም ነበርና እንባዬ ዝም ብሎ ወረደ። ከእንባው ጋር ግን ጆሮዬ ጋለ፣ ፊቴ ተቃጠለ፣ አንገቴን መድፋት አማረኝ። እኔ ኀዘን መስሎኝ ነበር። ኀዘን እንዲህ አያደርግም፤ ኀፍረት ነው።

ያ ሽታ የቤታችን የቅዳሜ ሽታ ነው። አዲስ አበባ፣ አፍንጮ በር፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ እትዬ ብርቄ የሚባሉ ሴት ግቢ ውስጥ እኔና እናቴ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ካኪ የለበሰ ሰው የበዛበት፣ ሬዲዮው ከዘፈን ይልቅ ሰልፍ የሚያሰማበት ዘመን ነበር። ከዚያ ዘመን እኔን ደምቆ የሚታየኝ ግን ሌላ ሌላው ነው። ፓስቲ በአምስት ሳንቲም ነበር። የሚጠቀለለው በጋዜጣ ነውና ዘይቱ እየሰፋ የትልልቆቹን ሰዎች ፎቶግራፍ ሁሉ ያወዛው ነበር። ሴቱ ናይሎን ሻሽ ያስራል፤ ቀይዋ ሻሽ ከሌሎቹ ትወደድ ነበርና ቀይ ያሰረች ሴት ስታልፍ ባል አላት ወይስ የላትም እየተባለ ይታማል። እኔ ኮንጎ ጫማ ነበረኝ፤ በበጋ እንደ ምጣድ ይግላል፣ በክረምት ውስጡ እየተንሸራተተ ሰው ፊት ያዋርዳል። ወደ ስድስት ኪሎ በሚወስደው መንገድ ጥግ ላይ አንድ ሙዚቃ ቤት ነበር። ባለቤቱ ወፍራም፣ ለሰው ፊት የማይሰጥ ሰው ሲሆን፣ የምንወደው ዘፈን ሲጀመር እኛ ሴቶች ልጆች የምንገዛ መስለን መስኮቱን እናያለን። ሲያባርረን መንገዱን እንሻገራለን፣ ደግሞ ተመልሰን እንመጣለን። አሁን ሰንሻይን ባቡር ጣቢያ ልጆቹ ጆሯቸው ውስጥ የከተቱትን ነገር ሳይ፣ ዘፈን እንዲህ በነፃ ከማግኘት መባረሩ ይሻል ነበር እላለሁ። እርጅና ነው መቼም።

እናቴ ተዋበች ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ከሳቅ ይልቅ ፈገግታ የሚቀናት ሴት ነበረች። አርብ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት የማይቀር ሥራ ነበራት። ከአናጢው ቤት የምናመጣውን ሰጋቱራ ባረጀ የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ ትጠቀጥቀዋለች፤ ውሃ ታርከፈክፍበታለች፤ ከሥሩ ፍም ትሰድበታለች። እርጥብ ነውና አይነድም፣ ይጨሳል እንጂ። ቅዳሜ ጠዋት ይጨሳል፣ ምሳ ሰዓት ይጨሳል፣ ከምሳ በኋላም ይጨሳል። ላዩ ላይ ብረት ድስት ተጥዷል። ድስቱ ውስጥ ምንም የለም። እትዬ ብርቄ በደጃችን ሲያልፉ «ተዋበች፣ ዛሬ ደግሞ ምን ልታበይን ነው?» ይላሉ። «ኧረ ምን አለኝ ብለው፣ ያችው ሽሮ ናት» ትላለች እናቴ፣ ባዶ ድስት ክዳን እያስተካከለች። እኛ የምንበላው አርብ የተጋገረውን ቀዝቃዛ ዳቦ ነው። በሩ ገርበብ ይላል፣ እሷ ዳቦውን ትባርካለች፣ እኔ ሰው እንዳይመጣ በቀዳዳ አያለሁ። ቅዳሜ ጭስ የማይወጣበት ቤት የማን ቤት እንደሆነ አገር ያውቃልና ነው። እኛ ቤተ እስራኤል ነን። ሰዉ «ፈላሻ» ይለን ነበር፤ ሲከፋበት ደግሞ የባሰውን ይለናል። በሰንበት እሳት አንለኩስም። አርብ የተለኮሰ እሳት ቅዳሜ ቢጨስ ግን እኛ ምን አደረግን? እናቴ እግዜርንና ጎረቤትን በአንድ ቆርቆሮ ታስታርቅ ነበር።

ሥጋውም ሌላ ጣጣ ነበር። ክርስቲያን ያረደውን መብላት አትችልም፤ አልበላም ብትል ደግሞ እስላም ናት ወይስ ምንድን ናት ይባላል። መላ አላጣችም። «ስለት አለብኝ፤ ይቺ ልጄ ከሞት ከተረፈችልኝ ሥጋ በአፌ አይዞርም ብዬ ተስያለሁ» አለች። ሰፈሩ እንዴት አከበራት! በዓል በመጣ ቁጥር «ለተዋበች የጾም ወጥ ለይታችሁ አስቀምጡላት» ይባላል፤ እንዲያውም ልጅ የታመመባት ሴት «እባክሽ ጸልዪልኝ» እያለች ትመጣለች። እኔን ግን «አንቺ ብይ፤ ሁለታችንም ከተሳልን ይነቃብናል» አለችኝ። በላሁ። ጣፈጠኝም። እሷ ከወዲያ ሽሮዋን እየጠቀሰች ስታየኝ ዓይኔን ከሳህኔ አላነሳም ነበር፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይሄ ነው።

አዲስ አበባ የደረስነው በእግራችን ነው። ከጎንደር ወዲያ፣ ወንዝ ዳር፣ ከክርስቲያኖቹ መንደር ትንሽ ራቅ ብላ የኛ መንደር ነበረች። አባቴ ቀጥቃጭ ነበር፤ እናቴ ሸክላ ትሠራለች። ገበሬው ያለ አባቴ ማረሻ አያርስም፣ ሚስቱም ያለ እናቴ ድስት ወጥ አትሠራም። ዕቃውን ተቀብለው ሲሄዱ ግን ቡዳ ነን፤ ዓይናችን ሰው ይበላል ተብለን እንፈራለን። ይሄንንም ለምደነው ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ግን የተለመደው ሁሉ ጥርስ አወጣ። ማን ከማን ይዋጋ እንደነበር እስከ ዛሬ አጣርቼ አልነግራችሁም፤ አንዱ ይመጣል፣ ሌላው ያባርረዋል፣ ሁለቱም በተራ የእኛን በር ይመታሉ። ለፈላሾች መሬት ሊሰጣቸው ነው የሚል ወሬ መጣና በዚያ የተቆጡ ነበሩ። በላይኛው መንደር ሕፃን ታመመና «እነዚያ ናቸው የበሉት» ተባለ። ከዚያ ጠመንጃ የያዙት መጡ። ጸሎት ቤታችን ተቃጠለ፤ ቤታችንም። ከሚያቃጥሉት መሃል አባቴ ማጭዱን የሞረደለት ሰው ነበር፤ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ ነበር፣ እኔ ግን በእግሩ አወቅሁት። አባቴን «ጠመንጃ ይጠግንልናል» ብለው ነዱት። መዶሻውን እንኳ ይዞ እንዲሄድ አልጠበቁትም። ተመልሰን አላየነውም፤ ሬሳው የት እንደወደቀ እንኳ የሚነግረን አልተገኘም።

እኔንና እናቴን አንዲት ክርስቲያን ሴት ጎተራዋ ውስጥ ሸሽጋ አተረፈችን፤ እሷን እግዜር ባለችበት ያኑራት። ሰዎቹ ራቅ ሲሉ ገደሉን ይዘን ወረድን። መንገድ ላይ እናቴ ከቀሚሷ ጠርዝ ክር መዘዘች፤ በጥላሸት አጠቆረችው፤ ግማሹን በእኔ አንገት፣ ግማሹን በራሷ አሰረችው። ማተብ መሆኑ ነው። «ከእንግዲህ ክርስቲያን ነሽ። የክርስትና ስምሽ ወለተ ኪዳን። የኔ ወለተ ሥላሴ። ድገሚው» አለችኝ። ደገምኩት። «እስከ መቼ ነው?» አልኳት። «እስክንደርስ» አለች። የት እንደምንደርስ ግን አልነገረችኝም፤ እሷም የምታውቅ አይመስለኝም። ጎንደር ከተማ ደረስን፣ አልተፈታም። አዲስ አበባ ደረስን፣ አልተፈታም።

አዲስ አበባ ከገባን በኋላ እናቴ ጭቃ በእጇ ነክታ አታውቅም። ቀጨኔ ሸክላ የሚሠሩት ሴቶች ከእኛ ሰፈር ሩቅ አይደሉም፤ አንድ ጊዜ ድስት ልንገዛ ሄድን። እናቴ ድስቱን አንስታ፣ ሳታስበው፣ በጣቷ አንጓ ቆርቆር አድርጋ ጆሮዋን አስጠጋች። የተሰነጠቀ ሸክላ ድምፁ ይለያል፤ ይህን ደግሞ የሚያውቀው የሠራው ነው። ሻጯ ሴት እናቴን ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ ሳንጠይቃት ዋጋውን ቀነሰችልን። እናቴ ፊቷ አመድ መሰለ። ድስቱን ሳትገዛ እጄን ጎትታ ወሰደችኝ፤ ከዚያ ወዲህ እቤታችን የገባው ድስት ሁሉ ብረት ነው። እኔ ደግሞ ትምህርት ቤት «አባትሽ ምን ነበር?» ሲሉኝ «ነጋዴ» እላለሁ። ማንም አላስተማረኝም። መጀመሪያ ፈርቼ ነበር የምዋሸው፤ እያደር ግን ፍርሃቱ ለቀቀኝና ማፈሩ ብቻ ቀረ። የሰንበቱን ጭስ ሳይ አፍራለሁ፤ የእናቴን ሰፋፊ ጣቶች ሰው ሲያይ አፍራለሁ። የአባቴን መዶሻ ሳስብ እንኳ አፍራለሁ። የተቃጠለው ቤታችን ነው፤ የሚያፍረው ያቃጠለው መሆን ነበረበት። ነገሩ እንዲያ አልሆነም።

ወግ ደረሰኝና ተዳርኩ። ባሌ ታደሰ ደግ ክርስቲያን ነበር፤ ሠርጌ ላይ የሐር ጃኬት ለብሶ አንገቱ እስኪቀላ ያላበው ላብ ትዝ ይለኛል። ብዙም ሳንቆይ ሰዎቻችን ከጎንደር በገፍ መጥተው አዲስ አበባን ሞሏት። ወደ ኢየሩሳሌም ሊሄዱ ነው ተባለ። ነጫጭ ሸማቸውን ለብሰው፣ ልጆቻቸውን አዝለው፣ መንገድ ዳር ተራ ይጠብቃሉ። እናቴ ጠዋት ትወጣለች፣ ማታ የቀሚሷ ጠርዝ ጭቃ ነክቶት ትመለሳለች። አንድ ቀን «የእህቴን ልጅ አየሁት» አለችኝ። «አናገርሽው?» አልኳት። «አላናገርኩትም። ካናገርኩት እሄዳለሁ» አለች፤ አለችና አየችኝ። ሂጂ የምትለዋን ቃል ትጠብቅ እንደነበር አሁን ይገባኛል። እናትሽ የት ሄደች ሲለኝ ለታደሰ ምን እመልሳለሁ ብዬ ዝም አልኩ። አንድ ቀን መንገዱ ባዶ ሆነ፤ ሰዎቹ ሄዱ፤ እናቴ ለእኔ ብላ ቀረች።

ታደሰ ቀድሞ ኬንያ ወጣ፣ ተከተልኩት፣ ከዚያ በስደተኝነት ሜልቦርን ገባን። እናቴን በኋላ አመጣናት። ሰንሻይን ጣቢያ አጠገብ ጠባብ ፍላት ውስጥ ስንኖር ሬንቱ ከደመወዛችን ቀድሞ ይሮጥ ነበር። ዲር ፓርክ የብስኩት ማሸጊያ ፋብሪካ ሥራ ያስገቡኝ እትዬ ዘውዴ የሚባሉ ያገር ሰው ናቸው። ሺፍታችን አንድ ነበርና በእሳቸው መኪና ነው የምንሄደው፤ መንገዱን ሙሉ ይቆጣሉ፣ መንገዱን ሙሉ ያስቁኛል። ቢዘገዩ ጥፋቱ የትራፊክ መብራቱ ነው፤ ቢሳሳቱ ጥፋቱ የእኔ ነው። አንድ ጊዜ አዲስ ካፖርት ገዝቼ ሳሳያቸው «እንኳን ዘንቦብሽ፣ እንዲያውም ጤዛ ነሽ» ብለውኝ አሁንም ሳስበው ያስቀኛል። ሃናን ስወልድ ገንፎ አገንፍተው ያጎረሱኝ እሳቸው ናቸው። ታደሰ ሲሞት ከጎኔ ያልተነሱት እሳቸው ናቸው። ታደሰ ማንነቴን ሳያውቅ ነው የሞተው፤ ይህን የሚያህል ነገር ይዤ ከአንድ ሰው ጋር ያን ሁሉ ዘመን አንድ ትራስ መካፈሌን ሳስብ ሰውነቴን ይወርረኛል። እናቴ እዚህም ስለቷን አልተወችም። ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን፤ እሷ ከኋላ፣ ከበሩ ደጅ ትቆማለች። አይ የእማማ ተዋበች ትሕትና! ይባላል።

አንድ አርብ ለዓይን ሐኪም ቡክ ተደርጎላት ከከተማው ወዲያ ማዶ ሄደን ስንመለስ በተሳሳተ ትራም ተሳፈርን። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ጥቁር ኮፍያና ረጅም ካፖርት የለበሱ ወንዶች ልጆቻቸውን በእጅ ይዘው በእግር ይጣደፋሉ። «እነዚህ ሰዎች የሚያባርራቸው አለ እንዴ?» አለችኝ። «አይሁዶች ናቸው፤ ሰንበት ሊገባ ስለሆነ ነው» አልኳት። ቃሉን በጆሮዋ አንሾካሾክሁት፤ አማርኛ የሚሰማ አንድ ሰው በሌለበት ትራም ውስጥ! እናቴ ሰምታኝ ሳትጨርስ ተነስታ የመውረጃውን ደወል ተጫነች። ተከትለናቸው ጸሎት ቤታቸው በር ደረስን። በሩ ላይ ትከሻው የሰፋ ዘበኛ ቆሟል፤ ምን ፈልጋችሁ ነው በሚል ዓይን አየን። እናቴ ከመንገዱ ወዲህ ቆማ የሚገቡትን ሁሉ አየች። ነጠላዋን አስተካከለች። አንዲት አሮጊት ቆም ብላ ፈገግ አለችላት፤ እናቴ «ሰንበት ሰላም» አለቻት፣ በአማርኛ፣ በትልቅ ድምፅ። አሮጊቷ በእነሱ ቋንቋ መልሳላት ገባች። እናቴ እንዲያ ጮክ ብላ ስትናገር ከመንደራችን ከወጣን ሰምቻት አላውቅም። «ዘበኛ አቁመው ነው የሚጸልዩት» አለችኝ ቀስ ብላ። «ግን ይጸልያሉ።»

ወደ ሰንሻይን በሚመልሰን ባቡር ላይ ነው የተናገረችው። «ስሞት ወለተ ሥላሴ ብለው እንዳይቀብሩኝ። ተዋበች ሆኜ ልቀበር። ይህችንም ክር ፍቺልኝ።» «እሺ እማዬ» አልኳት። «ለእኔ እሺ ማለት ምን ይረባል» አለችኝ። «ለእነሱ ነው የምትነግሪያቸው።» እነሱ ያለቻቸው የምንወዳቸውን ሰዎች ነው፤ ሠርግና ለቅሶ የምንደራረሰውን፣ እትዬ ዘውዴን። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አላነሳችብኝም። ለሃና ግን ሁሉን ነግራት ኖሯል፤ እኔ ሥራ ስውል፣ አያትና የልጅ ልጅ ሻይ እየጠጡ፣ አንዷ በአማርኛ ሌላዋ በእንግሊዝኛ። ይህን ያወቅሁት እናቴ ሐኪም ቤት በተኛች ጊዜ ነው። ሃና ክርስትናውንም ቤተ እስራኤልነቱንም እንደ ተራ ወሬ ነበር የምታወራው፤ እናቴ የሚታፈርበት ነገር መሆኑን ጨርሶ አልነገረቻትም። እናቴ ካረፈች በኋላ ሃና ወዲያ ማዶ፣ አርብ ማታ ወዳየነው የአይሁዶች ጸሎት ቤት ደውላ ነበር። አንድ ሽማግሌ እንመጣለን ብለዋታል፤ ግን አያትሽ ማን እንደነበረች ከልጇ ከራሷ አፍ መስማት እንፈልጋለን ብለዋል። «ማም፣ አንቺ ነሽ መናገር ያለብሽ» አለችኝና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ትታልኝ ሄደች። ሳላነሳው ሰው ቤቱን ሞላው።

ከሰንሻይን ኋላ የተዛወርንበት የሜልተኑ ቤቴ ከሳሎን እስከ ጋራዥ በለቀስተኛ ተጨናንቋል። ሴቶቹ ማጀቱን ይዘውታል፤ ወንዶቹ ጋራዥ ውስጥ ወንበር ደርድረው ዝቅ ባለ ድምፅ ስለ ትራፊክ ያወራሉ። እትዬ ዘውዴ ከጎኔ ሶፋው ላይ ናቸው፤ የልጅ ልጃቸውን ናቲን፣ ገና ጥርሱን የሚያወጣውን፣ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በአንድ እጃቸው ስልካቸውን ይዘዋል። «ብርሃኔ» አሉኝ፤ «ቄሱ እየመጡ ነው። የእማማን የክርስትና ስም ቴክስት አድርጊልኝ ብለውኛል። ማን ነበር?» ሃና ማጀቱ በር ላይ የሻይ ማንቆርቆሪያ ይዛ ቆማለች። አየችኝ ብቻ። ወለተ ሥላሴ የሚለው ስም ምላሴ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ያን ሁሉ ዘመን ሳልጠራው ቀድሞ የሚወጣ ስም ነው። እንዴት እንደዋጥኩት አላውቅም።

«የላትም» አልኩ።

«እንዴት የላቸውም? ደንግጠሽ ነው የኔ ልጅ፣ ረስተሽው ነው።»

«አልረሳሁትም እትዬ ዘውዴ። እናቴ ክርስትና አልተነሳችም። ቤተ እስራኤል ናት። አባቴ ቀጥቃጭ ነበር፤ እሷ ሸክላ ሠሪ ነበረች። እኔም ያው ነኝ። በራሷ ሰዎች ጸሎት ቅበሪኝ ብላኛለች።»

አንዷ ሴት የያዘችውን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥ ሰማሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እትዬ ዘውዴ አፋቸውን ከፍተው አዩኝ፤ ወዲያው ዓይናቸው እንባ ሞላ። «እና ይህንን ነው ይሄን ሁሉ ዓመት ተሸክመሽ የኖርሽው? ወይኔ ልጄን! ምን ችግር አለው? ሁላችንም የአንድ እግዜር ፍጥረት አይደለንም እንዴ? ቄሱን አሁኑኑ ደውዬ ይመለሱ እላቸዋለሁ። እማማ እንደ ፈቃዳቸው ይቀበራሉ፤ ማን ከልካይ አለ? እኛም ወጥተን እንሸኛቸዋለን። የተናገረ አፍ ካለ ከኔ ጋር ነው!» ብለው ሴቶቹን በዓይናቸው አዳረሷቸው። እያንዳንዷ ቃል ከልባቸው ነበረች፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ። የማደርገው ጠፍቶኝ እጃቸውን ልስም ጎንበስ አልኩ። ያኔ ነው ያየሁት። እንዲህ እያሉ ሳለ፣ እሳቸው ሳያውቁት፣ ግራ እጃቸው የነጠላቸውን ጫፍ ይዞ ቀስ ብሎ በናቲ ፊት ላይ ይስብ ነበር።

ሕፃኑ ከነጠላው ሥር ተንፈራገጠ። ማየቴን አዩ። ወደ እጃቸው ዝቅ ብለው ተመለከቱ፤ የሰው እጅ የሚያዩ ይመስል ነበር። ሰው እንዲያ ሲያፍር አይቼ አላውቅም፤ ያ ሁሉ ቁጣና ጨዋታ የሚፈልቅበት ፊት በአንዴ ባዶ ሆነ። ነጠላውን ገፈፉት። ልጁን አንስተው፣ ጭኔ ላይ አስቀመጡት። «ያዢልኝ፣ ልደውል» አሉ፤ ድምፃቸው ተሰበረ። ስልኩ እጃቸው ላይ ነበር፤ ልጁን ይዘውም መደወል ይችሉ ነበር።

ተነስተው ወደ በሩ ሄዱ፤ ከቄሱ ጋር ሲነጋገሩ እሰማለሁ። «አባታችን፣ ይቅርታ፣ እማማ ሌላ ሃይማኖት ነው ያላቸው... አዎ... አይ፣ ምንም ስህተት የለውም» ይላሉ። ሃና ማንቆርቆሪያውን አስቀምጣ፣ ጠረጴዛው ላይ የተውኩትን ስልክ ይዛልኝ መጣች። እናቴ ስሟን አገኘች። ናቲ ያውቀኛል፤ በየሳምንቱ የማቅፈው ልጅ ነው። አፍንጫዬን ይዞ ሳቀ፤ ከዚያ ፊት ለፊት ሊያየኝ ጎንበስ ቀና አለ። እኔ ወደ ምንጣፉ አየሁ። ወደ ምንጣፉ ሲከተለኝ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ማንም አላዘዘኝም፤ ልብ ብሎ የሚያየኝም ሰው አልነበረም። ስለ እኛ የተባለውን ያን ሁሉ ነገር፣ ቤታችንን ያቃጠሉበትን፣ እኔም ለካ አምኜው ኖሬያለሁ። ልጁን አዞርኩት፤ ጀርባውን ደረቴ ላይ አስደግፌ ፊቱን ወደ ሰዎቹ አደረግሁት፣ በዓይኔ እንዳላሳምመው።